ማሚቶ የገባችበት አዳራሽ

ባለፈው ወር አምቦ ላይ የሚከራይ ክፍል ፍለጋ ከአንድ ደላላ ጋር ስዞር ዋልኩ። ሦስተኛው ቤት ገና አዲስ ነው፤ ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሊሾ፣ ውስጡ አንድም ዕቃ የለም። ደጃፉን እንዳለፍኩ ሳላስበው አንዴ አጨበጨብኩ። ደላላው ደንግጦ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ።

«ምነው እህቴ፣ የሌሊት ወፍ አለ እንዴ?»

«የለም፤ ቤቱን እየሰማሁት ነው።»

«ቤት ይታያል እንጂ ይሰማል?» አለና ራሱን ነቀነቀ።

መልስ ልሰጠው ስል ከጎረቤት ግቢ ሽታ መጣ። የሚቦካ ጭቃ ነው፤ ጭድ የገባበት፣ ትንሽ የኮመጠጠ፣ ሞቅ ያለ ሽታ። የኪራዩን ነገር እዚያው ረሳሁት። አራተኛ ክፍል የገባሁበት ጊዜ፣ ከሰኔ እስከ ገና ያለው፣ እንዳለ መጣብኝ።

ያኔ የምንኖረው ጉደር ነው። አባቴ ገመቹ ወንጌላዊ ነበር፤ ከከተማዋ ዳር ባለች አነስተኛ ጸሎት ቤት ያገለግላል። እናቴ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ጸሎት ቤቷ የጭቃ ነበረች። ግድግዳዋ እዚህም እዚያም ሆዱ ገፍቷል፣ ከቆርቆሮው ሥር የተወጠረው የአቡጀዲ ኮርኒስ ዝናብ ባፈሰሰበት ቦታ የሻይ ቀለም ይዟል። የአባቴ ድምፅ ትልቅ አልነበረም። ሲሰብክ አይጮህም፤ ራት ላይ ከእኛ ጋር እንደሚያወራው ነው የሚያወራው። እንዲያም ሆኖ በር ሥር የሚቀመጡት አሮጊቶች እንኳ አንዲት ቃል አታመልጣቸውም ነበር። አባቴ መሀል ላይ ዝም የሚልበት ልማድ አለው፤ ያ ዝምታ ራሱ ይሰማ ነበር። እኔ ቤት ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ያቺን ቤት ከብዙ ዓመት በፊት የመረጓት ኦቦ ዲንሳ ናቸው። ጉደር ውስጥ እሳቸው ያልመረጉት የጭቃ ግድግዳ ቢፈለግ አይገኝም ይባላል። እኔ ሳውቃቸው ግን ብሎኬት መጥቶ ሥራ ካጡ ሰንብተዋል፤ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ደግሞ ሞራ ጋርዷቸዋል። የሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት አንዴ ያጨበጭባሉ፤ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው «ፈያዳ? ደህና ናችሁ?» የሚሉት። እኔ መጀመሪያ ለቤቱ፣ ቀጥሎ ለሰዎቹ ሰላምታ የሚሰጡ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እኛ ቤት ገብተው አጨበጨቡና «ይሄ ቁም ሣጥን መቼ መጣ?» አሉ። እናቴ የያዘችውን ሰሐን ልትጥለው ምንም አልቀራት። ቁም ሣጥኑ የመጣው በዋዜማው ነበር።

ጸሎት ቤቷ ስለጠበበች እዚያው ግቢ ውስጥ የተሠራው አዲሱ አዳራሽ የተመረቀው በሰኔ መጀመሪያ ነው። ሰፊ ነው፣ ከፍ ያለ ነው፣ ብሎኬቱ በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ሊሾው ፊት ያሳያል። ከመድረኩ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ደግሞ ግማሽ ክብ ነው። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ታደሰ አዲስ አበባ አንድ ቦታ አይተውት ወደዱት፤ «እንዲህ ካልሆነ አይሠራም» ብለው ነው ያሠሩት። የመሠረቱ ድንጋይ የመጣው ከጉደር ወንዝ ገደል ነበር። መኪናው እየተመላለሰ ሲያራግፍ እኛ ልጆች አቧራው ውስጥ ቆመን አይተናል።

የመጀመሪያው እሑድ አባቴ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መድረክ ላይ ወጣና እንደ ልማዱ ዝግ ብሎ ጀመረ። «ዋቃዮ ኢስን ጃላታ።» እግዚአብሔር ይወዳችኋል ማለት ነው።

አዳራሹ «ላታ... ላታ... ላታ...» ብሎ መለሰ።

አባቴ ፈገግ አለና ቀጠለ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው ጀርባ ላይ ወጣ፤ ሦስተኛው ሁለቱም ላይ ተደረበ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው በማድጋ የተዘጋበት የንብ መንጋ ነበር። መሀል ላይ ስልክ ጮኸ። ከየት እንደሆነ ማን ይለይ? ድምፁ ከአራቱም ግድግዳ፣ ከጣሪያውም ይመጣል። ወንዶቹ ሁሉ ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ከፈቱ። በመጨረሻ የተገኘው «ስልካችሁን ዝጉ» ብለው ያስጠነቀቁት የኦቦ ታደሰ ስልክ ሆነ። እኛ ልጆች እንደዚያ ቀን በቤተ ክርስቲያን ተደስተን አናውቅም።

የእናቴን ነጠላ ጎተትኩ። «እማዬ፣ ማናት የምትመልሰው?»

«የገደል ማሚቶ ናት። ዝም በይ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ለእሷ ቀላል መልስ ነበር። ለእኔ ግን ትልቅ ዜና ሆነ። የገደል ማሚቶን አውቃታለሁ፤ ወንዝ ስንወርድ ከማዶ ገደል ሆና ስማችንን የምትጠራ ልጅ ናት። በሐሳቤ ዕድሜዋ ከእኔ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሥራ የላትም፣ ሰው ማብሸቅ ትወዳለች። ገደሏ ተፈልጦ መኪና ላይ ሲጫን እሷም ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ መጣች ማለት ነው። ቤቷን ወስደንባት የት ትሂድ?

ክረምቱ ወዲያው ገባ። ጉደር ላይ ዝናብ ሲወርድ ለጉድ ነው፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ደግሞ አጠገብህ ያለው ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ብቻ ነው የምታየው። ዝናቡ ሲበረታ አባቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ከድኖ ይቀመጣል፤ መዘምራኑ ይነሣሉ፤ ማንም ማንንም ሳይሰማ ሁሉም በየፊናው ይዘምራል። «ዝናቡ ይውጣ እንጂ» ይሉ ነበር ኦቦ ታደሰ፤ ሰውም «እውነት ነው፣ ዝናቡ ነው» ይላል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ጥፋቱ የዝናቡ ሆኖ ከረመ።

አባቴ ግን ያንን ያመነ አይመስለኝም። ጠዋት ጠዋት ጥሬ እንቁላል መጠጣት ጀመረ፤ ቀጥሎ ማር፣ ቀጥሎ ዝንጅብል። ከቤታችን ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ሲጮህም ሰምቼዋለሁ። «አባዬ ምን ሆኗል?» ስላት እናቴ «ጉሮሮውን እያሟሸ ነው» አለችኝ። ቤታችን ውስጥ የሚሟሸው ጀበናና ምጣድ ብቻ ነበርና ነገሩ ግራ ገባኝ።

መስከረም ጠባ። ዝናቡ ወጣ። ማሚቶ አልወጣችም።

በጥቅምት ኦቦ ታደሰ ከአምቦ ቁመታቸው የእኔን የሚያክል ሁለት ድምፅ ማጉያዎች አስመጡ። አባቴ መነጋገሪያውን ጨብጦ ገና «ሰላም» ከማለቱ ቀጭን ጩኸት ተነሣ፤ እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄዶ መስታወቱን አንቀጠቀጠው። ውጭ የታሰረች አህያ አናፋች። አዳራሹ የአህያዋንም ተቀብሎ ጨመረበት። ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት አሮጊቷ አዴ ለሊሴ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «መለከቱ ነው? ጌታ መጣ?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ በሣቅ ፈረሰ፤ እኔም ሆዴን ያዝኩ። ከዚያ አባቴን አየሁት። ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ፣ ጎንበስ ብሎ የማጉያውን ሶኬት ይነቅል ነበር። ሣቄ ቀጥ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹን የምናጸዳው ሰንበት ትምህርት ቤት ያለን ልጆች ነን። በኅዳር አንድ ቅዳሜ እኔ የግማሽ ክቡን ግድግዳ አንድ ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልኩ ነበር። ድንገት አንድ ሰው ጆሮዬ ሥር ተናገረ።

«ገመቹ ጥሩ ሰው ነው። ድምፅ ግን የለውም።»

ዞር አልኩ። ማንም የለም።

«ከገና በኋላ ወንጪ መንገድ ወዳለችው የወንጌል ጣቢያ ይሂድ» አለ ሌላ ድምፅ፣ ልክ አፉን ጆሮዬ ላይ እንዳደረገ። «እዚህ ከአምቦ ድምፀ ጎርናና ወጣት እናመጣለን።»

በግድግዳው በሌላኛው ጫፍ፣ ከመድረኩ ማዶ፣ ኦቦ ታደሰና አንድ ሌላ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል። እንኳን ሹክሹክታ፣ ከዚያ ተጣርተውም የሚሉት አይለይም ነበር። ስለዚህ ገባኝ፤ የነገረችኝ ማሚቶ ናት። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጥዬ ሮጥኩ።

ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም ብል ማጋነን ነው፤ ግን እናቴ አሞኝ እንደሆነ ብላ ግንባሬን እስክትነካ ድረስ ምግብ ቀንሼ ነበር። ትምህርት ቤቴን ልለቅ ነው። እናቴ ጤና ጣቢያዋን ልትለቅ ነው። ከሁሉ የባሰኝ ግን «ድምፅ የለውም» የሚለው ነው። አባቴ ተረት ሲነግረኝ ጅቡን እንኳ ያለጩኸት የሚያመጣ ሰው ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብቻዬን አዳራሹ ገባሁ። መሀል ላይ ቆምኩ።

«ማሚቶ! ወሬውን ስላቀበልሽኝ አመሰግናለሁ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ግን አባቴን ተይው!»

«ተይው... ይው... ው...»

እኔኑ ተይው እያለችኝ መሰለኝ። ተናደድኩ። «ገደልሽን የወሰድነው እኛ አይደለንም! ኮሚቴው ነው!»

ከኋላዬ ሣቅ ተነሣና በአዳራሹ ዞረ። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ኦቦ ዲንሳ ተቀምጠው ምርኩዛቸውን ደገፍ ብለው ይሥቃሉ። ለካ ሰሞኑን በየቀኑ እየመጡ አዳራሹን ሲያዳምጡ ነው የሚውሉት።

«የገመቹ ልጅ ነሽ አይደል? ሲፈን? ነይ እስቲ፣ ኢንተላ ኮ። ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?»

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ሲሉኝ አልቻልኩም፤ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንጪ መንገድ የሚለው ላይ ስደርስ ሣቃቸው ቆመ።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ማሚቶ።»

«የት ቆመሽ?»

እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። እዚያው ቁሚ ብለውኝ እሳቸው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ እስከ ሌላኛው ጫፍ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። ወዲያው ጆሮዬ ሥር «ሲፈን፣ ምሳ በልተሻል?» የሚል ድምፅ መጣ።

«አልበላሁም» አልኩ እኔም በሹክሹክታ፣ ለግድግዳው።

«ጥሩ አይደለም» አለ ግድግዳው።

ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው እንደ ልጅ ያበራ ነበር። «ግድግዳው ክብ ነው፤ ወሬ እየታከከው ይዞራል። ማሚቶ የምትባል ልጅ የለችም። ድምፅ ራሱ ነው።» እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። ከእሷ ጋር መጣላት ጀምሬ ነበርና።

«እንግዲያው ለምንድን ነው አባቴን የምትረብሸው?»

ኦቦ ዲንሳ አጨበጨቡ። «ቁጠሪ» አሉኝ። ጭብጨባው እስኪጠፋ ሦስት ደረስኩ። ከዚያ ግቢውን አቋርጠን ዕቃ ማስቀመጫ ወደሆነችው አሮጌዋ ጸሎት ቤት ሄድን። እዚያ ሲያጨበጭቡ «አን...» ብዬ አልጨረስኩም፤ ጠፋ።

«ድምፅ ከወጣ ማረፊያ ይፈልጋል» አሉ፣ የመረጉትን ግድግዳ እየዳበሱ። «ጭቃው ውስጥ ጭድ አለ፣ ላይ አቡጀዲ አለ፤ እዚያ ገብቶ ያርፋል። ሲሚንቶ ግን እንግዳ አያሳድርም። ወደዚያኛው ግድግዳ ይሸኘዋል፤ ያኛውም ወደዚህ ይሸኘዋል። የአባትሽ አንዷ ቃል ሳታርፍ ሌላዋ ትደርስባታለች። ቢጮህ ደግሞ ይብስበታል። አባትሽ ምንም አልጎደለውም።» ጋቢያቸውን አውልቀው ራሴ ላይ ጣሉብኝ። ዓለም ሁሉ ጸጥ አለ፤ የገዛ ትንፋሼ ብቻ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ኦቦ ዲንሳ ኮሚቴው ፊት ቀርበው ከመድረኩ ትይዩ ባለው የኋላ ግድግዳ ላይ ጭድ የተሞላ ጆንያ፣ ከላይ የአቡጀዲ ኮርኒስ ይሁን አሉ። ኦቦ ታደሰ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አዳራሹን ግን እንደ ልጃቸው ነበር የሚወዱት። «ኦቦ ዲንሳ፣ እንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ ጭድ? ከብት ልናስገባበት ነው?» አሏቸው። ሰው ሣቀ። ኦቦ ዲንሳም አብረው ሣቁና ወጡ። ውጭ ቆሜ ስጠብቃቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የመከር ምስጋና መቼ ነው?»

ከገና በፊት ባለው እሑድ ነበር። በዚያ ቀን ሁሉም ቤተሰብ ከአዝመራው ያመጣል፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ዶሮም የሚያመጣ አለ። ጆንያው የሚደረደረው ሁልጊዜ ከፊት፣ መድረኩ ሥር ነው። ኦቦ ዲንሳ ከቤት ቤት ዞሩ። በየበሩ እያጨበጨቡ ገብተው «ዘንድሮ ጆንያችሁን ከኋላና ከጎን ግድግዳ ሥር አቁሙት። ጭድ ያላችሁም በከረጢት ሞልታችሁ አምጡ። ብርድ ነው፤ ጋቢም አትርሱ» አሉ። እኔ ደግሞ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በሙሉ ነገርኩ። ምክንያቱን የጠየቀኝን «ምስጢር ነው» እለው ስለነበር ከተባለው በላይ ጭድ መጣ።

በዕለቱ ኦቦ ታደሰ በር ላይ ቆመው የሚገባውን ከረጢት ሲያዩ ግራ ገባቸው።

«ይሄ ሁሉ ጭድ ምንድን ነው?»

«ጭድም እኮ መከር ነው» አሉ ኦቦ ዲንሳ አለፍ እያሉ። «ጌታ አይንቀውም።»

ጆንያው በኋላ ግድግዳ ላይ እስከ መስኮቱ ደረሰ። ከጎን የጭድ ከረጢት ተደራረበ። ሰው ጋቢና ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ወንበሮቹን ሞላ፤ መተላለፊያው ላይም ሰሌን አንጥፎ ተቀመጠ። አባቴ ወደ መድረክ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ክረምቱን ሙሉ እንደለመደው ጉሮሮውን ጠርጎ ጮኸ።

ጩኸቱ ወጥቶ እዚያው አረፈ።

አባቴ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ደግሞ አንድ ቃል ተናገረ፣ ቀነስ አድርጎ። ደግሞ ሌላ፣ ይበልጥ ቀነስ አድርጎ። ውኃ ውስጥ እግሩን ቀስ እያለ እንደሚከት ሰው ነበር። ከዚያ ራት ላይ በሚያወራበት ድምፁ «ዘንድሮ ዝናቡ በዝቶብን ነበር፤ እህሉ ግን ደረሰልን» አለ።

አዴ ለሊሴ ከሰኔ ጀምሮ ከጆሯቸው ያልተለየውን መዳፋቸውን አወረዱ። «ሰማሁት!» አሉ ጮክ ብለው። «እናንተ፣ ሰማሁት እኮ!»

አዳራሹ ሁሉ ሣቀ፤ ሣቁም እንደ ሰው ሣቅ ተሣቀና አለቀ። አባቴ በመሐረቡ ዓይኑን ጠረገ። ስብከቱን ቀጠለ፣ መሀል ላይም እንደ ድሮው ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከአንድ ከተቀደደ ጆንያ ጤፍ ሊሾው ላይ ሲንሿሿ ከፊት እስከ ኋላ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። ማንም ተነሥቶ ሊደፍነው አልሄደም።

ከአምልኮው በኋላ ኦቦ ታደሰ አዳራሹ መሀል ቆመው አንዴ አጨበጨቡ። ሰው እንዳላያቸው ዙሪያቸውን ቃኙና ደገሙት። ከዚያ ኦቦ ዲንሳን አስጠሩ።

«ነገ እህሉ ሲነሣስ?»

«ጭዱ ይቀራላ። እንሰቅለዋለን። ነጭ ጨርቅ ካለበስነው ከብት አይፈልገውም።»

ኦቦ ታደሰ ሣቁ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ባሉበት ወደ አባቴ ዞሩ። «ወንጌላዊ፣ ጥፋቱ የግድግዳው ነው። የእኔም ነው። ይቅር በለኝ፤ የትም አትሄድም።» ግማሽ ክቡንም ግድግዳ ጨርቅ እንዲያለብሱት ሐሳብ አቀረቡ። ኦቦ ዲንሳ ግን «እሱስ ይቆይ፤ ሽማግሌዎች ሹክ ሲሉ ልጆች ይስሙበት» አሉ። ኦቦ ታደሰ አልገባቸውም፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ያን ቀን ቤት ስንገባ አባቴ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ሥር ተንበረከከና አንድ ትልቅ ካርቶን ጎትቶ አወጣ። በገመድ ግራና ቀኝ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ነው። መጽሐፎቹ ናቸው።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ሽማግሌዎቹ በኅዳር ነግረውኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርከንም?»

ገመዱን በጣቱ ነካካው። «እውነታቸውን መስሎኝ» አለ። «ድምፄ ያለቀ መስሎኝ።»

«ግድግዳው ነው እኮ፣ አባዬ።»

«ግድግዳው ነው» አለና ሣቀ። ቢላዋ አምጪ ሲለኝ ገና ከመነሣቴ እናቴ ከኩሽና ጮኸች።

«ገመዱን እንዳትቆርጡት! ነገ ለጭዱ መስቀያ ይፈለጋል!»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልን፤ እሱ አንዱን ቋጠሮ በጥፍሩ፣ እኔ ሌላውን በጥርሴ። አጥብቆ ነበር ያሰረው። ሲፈታ እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በር ላይ ቆማ ነበር። ገመዱን ተቀበለችንና በክንዷ አንድ፣ ሁለት እያለች ለካችው።

«ለሦስት ጆንያ ይበቃል» አለች።